ለአንድ ሰው ብቻ

ሰፊው የስፌት መኪናውን እግር በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው የሚሠራው። ድምፁ ወደ ትልቁ ቤት እንዳይሄድ ነው። የትልቁ ቤት ሴትዮ ጩኸት አትወድም፤ እሱ ደግሞ ሰው ማስቀየም አይሆንለትም። ነገር ከመጣ እግሩ ቀድሞት የሚሸሽ ዓይነት ሰው ነው።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል። የግቢውን ደንብ የምታወጣው ሴትዮዋ ናት። ልብስ በመስኮቷ ፊት አይሰጣም። መብራት በጊዜ ይጠፋል። ባለፈው ክረምት የትልቁ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ፣ በዚያ ዕድሜው መሰላል ተሸክሞ የወጣው እሱ ነው። እሷ ታች ቆማ «ቀስ ይበሉ፣ ቆርቆሮውን እንዳያጎብጡት» አለች እንጂ «እንዳይወድቁ» እንኳ አላለችም።

ወሩ ሲሞላማ ጭንቅ ነው። ደጇ ድረስ ይሄድና ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሊናገር አፉን ሲከፍት ሴትዮዋ ግንባሯን ትቋጥራለች። «ደህና አመሹ?» ብሎ እንደ ሄደ ይመለሳል።

ዛሬ ግን መናገር የግድ ሆነበት። ሴት ልጁን ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ ሕፃን ልጇን ታቅፋ እየመጣች ነው። ከአባቷ ሌላ መግቢያ የላትም።

ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰና የትልቁን ቤት በር አንኳኳ።

«ልጄ ልትመጣ ነው» አለ። «ከኔ ጋር ትቀመጥ ብዬ ነው።»

«ለስንት ቀን?»

«እንግዲህ... እስክትቋቋም።»

ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ጋሼ፣ ጓሮ የሚኖረው አንድ ሰው ብቻ ነው ተባብለን ፈርመናል። አልፈረምንም?»

«ፈርመናል። ግን ልጄ እኮ ናት።»

«ዛሬ ልጅ፣ ነገ አማች። ሕፃኑ ሲያለቅስ እኔ የት ሄጄ ልተኛ? ውል ውል ነው። እምቢ ካሉ በሕግ እንጠያየቃለን።»

ሕግ ሲባል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ይሄኔ የውጭው በር ተንኳኳ።

ሴትዮዋ ቀድማው ሄዳ በሩ ፊት ቆመች።

«አባዬ?» አለች ልጁ ከውጭ። ይህንን በር ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እንዲህ ሲዘገይባት ግን የመጀመሪያዋ ነው። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ።

ሰፊው ሴትዮዋን ገፋ አድርጎ መቀርቀሪያውን ሊስብ እጁን ዘረጋ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ተመልሶ ኪሱ ገባ። በገዛ ራሱ አፈረ፤ ቁጣው ግን አልበረደለትም።

«እንግዲያው እኔም ከልጄ ጋር እሄዳለሁ» አለ።

«እንደ ፈቀደዎ» አለችና ገለል አለችለት። «ሲወጡ በሩን ይዝጉት።»

መንገዱ ጥግ የቤት ደላላ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሰፊው የሕፃኑን ልብስ የያዘውን ሻንጣ አስቀምጦ፣ ለሦስት የምትሆን ክፍል እንዲፈልግለት ለመነው። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ደላላው ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀ፤ ሰፊው ስለ ጩኸቱም፣ ስለ ጣሪያውም፣ ስለ በሩም አንድ በአንድ ነገረው። ልጅቱ ቀና ብላ አባቷን አላየችውም።

ደላላው በንዴት ከመቀመጫው ተነሣ። «አባቴ፣ ይሄን ሁሉ ችለው ዝም አሉ? ተከራይም እኮ መብት አለው።»

«ሴትዮዋም የምትለኝ ይሄንኑ ነው» አለ ሰፊው። «ቤቱ የኔ ነው፤ ተከራይዋ እሷ ናት።»