ወደ ታች የሚወርድ ውሃ

ልብስ ሰፊዋ እናት ፏፏቴውን ላለማየት ሃያ ዓመት ሙሉ ሰበብ አጥተው አያውቁም። መጀመሪያ መንገዱ ሩቅ ነው አሉ። መንገዱ አስፋልት ሲሆን ሥራ በዛብኝ አሉ። ሰበብ ያለቀባቸው ቀን ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «ውሃ ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ንገሩኝና እመጣለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ መልሳቸው ይኸው ሆነ።

ፏፏቴውን የምትመኘው ልጃቸው ናት። ገና ተማሪ ሳለች ከቀን መቁጠሪያ ላይ ቆርጣ ራስጌዋ የለጠፈችው ፎቶ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላትም ጠርዙ ቢጫ ሆኖ እዚያው ነበር። አሁን ሳይንስ ታስተምራለች። ስለ ፏፏቴው ስታስረዳ ተማሪዎቿ፣ «ቲቸር፣ አይተሽዋል?» ይሏታል። ወሬ ትቀይራለች።

አንድ ሰኞ እናት የስፌት መኪናቸውን በጨርቅ ሸፈኑና፣ «ቅዳሜ ፏፏቴውን እናያለን። ወንድምሽ መኪና ያመጣል» አሉ።

«ምነው፣ ውሃው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ እንዴ?»

እናት አልሳቁም። ልጅቷ መጠርጠር የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት አብረው ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። እናት ለደም ግፊታቸው፣ እሷም እግረ መንገዷን፣ ስልሳ ተማሪ ሲጮህባት መዋሉ እያደከማት ስለሆነ። ሁለቱም ለምርመራ ደም ሰጡ። ውጤት የሚነገርበት ቀን እሷ ፈተና ላይ ስለነበረች እናት ብቻቸውን ሄዱ።

«ያንቺ ደም ማነስ ነው። ይሄን ክኒን ዋጪ» አሏት ሲመለሱ።

«ያንቺስ?»

«የኔማ ምን አለው፣ እርጅና ነው።»

ከዚያ ኩሽና ገብተው ቧንቧውን ከፈቱት። ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። በውሃው ድምፅ መሐል ልጅቷ ሲቃ የሰማች መሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናት እህል አልበላ አላቸው፤ ለዩኒፎርም የመጡ ደንበኞችንም ሥራ አልቀበልም ብለው መለሱ።

ልጅቷ ጋራዥ ለሚሠራው ታላቅ ወንድሟ ደወለች።

«እማዬ በሽታዋን ደብቃናለች» አለችው። «እሷ ፏፏቴ ያማራት ዝም ብሎ ይመስልሃል? የኔን ምኞት ሳትሞላ ላለመሄድ ነው። እየተሰናበተችን ነው።»

 ከወንድሟ በስተኋላ የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«ምንም እንዳላወቅሽ ሁኚ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «በደስታ እንዋል። በቃ።»

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ለእናቷ ፊት ወንበር ላይ ጋቢ አነጠፈችላቸው። እናት እምቢ አሉ።

«አንቺ ፊት ሁኚ። ሁሉንም እዪ።»

እሳቸው ከኋላ ተቀመጡና መንገዱን ሙሉ እጃቸውን ከልጃቸው ትከሻ ላይ አላነሱም። አንዴ እጅጌዋ ተሰብስቦ ክንዷ ላይ የበለዘ ነገር አዩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጥቁር ሰሌዳው ገጭቶኝ ይሆናል። ምኑን አውቄ!»

እናት እጅጌዋን ወደ ታች ጎተት አደረጉላት።

በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ትኬታቸውን ቀደደና ራሱን ነቀነቀ። «ዘንድሮ ውሃው ቀንሷል፣ እናቴ። ብዙ ሰው ለዚህ ነው እንዴ የመጣነው እያለ ነው የሚመለሰው።»

«አንተ ብቻ መንገዱን አሳየን» አሉት እናት። «ፍርዱን ለኛ ተወው።»

ቁልቁለቱ ረጅም ነበር። እናት ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ ድንጋይ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ ልጃቸውንም አጠገባቸው ያስቀምጣሉ።

«ደከመሽ እማዬ?»

«እንዴት አይደክመኝ! ትንሽ እንረፍ።»

ልጅቷ ጀርባቸውን ታሻቸዋለች። የእሷም ጉልበት ዝሏል፤ ግን ማን ስለ ራሱ ያስባል? ወንድሟ ውሃና ምግቡን ተሸክሞ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ፊቱን ወደነሱ አያዞርም።

ፏፏቴው በእርግጥም ከፎቶው ያነሰ ነበር። ግማሹ ዐለት ደርቆ ጠቁሯል። የቀረው ውሃ ግን ገደሉን ይዞ ይወርዳል፤ ከታች የሚነሳው ጉም ፊት ያርሳል፤ መሬቱ ከጫማ ሥር ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ አፏን ይዛ ቆመች።

«ድምፅ እንዳለው ረስቼ ነበር» አለች። «ፎቶው ድምፅ አልነበረውም እኮ!»

ዘወር ስትል እናቷ እሷን ነው የሚያዩት።

«እማዬ፣ ውሃውን እዪ እንጂ!»

«እያየሁ ነው።»

«እና? መምጣቱ ያዋጣ ነበር?»

«ያዋጣል ልጄ» አሉ እናት። «ምነው ያኔ ባመጣሁሽ።»

ልጅቷ አቀፈቻቸው። ምን ያህል እንደከሱ በክንዷ ተሰማት። እንባዋን እንዳያዩባት ፊቷን ልትታጠብ ብላ ወደ ውሃው ዳር ወረደች። ጉሙ ውስጥ ገብታ እጆቿን ዘረጋች፤ ከዚያ ወደነሱ ዞራ እንደ ሕፃን እየዘለለች እጇን አውለበለበች።

እናቷና ወንድሟም መልሰው አውለበለቡላት።

«እማ፣ መቼ ነው የምትነግሪያት?» አለ ወንድሟ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

እናት እጃቸውን ማውለብለብ ሳያቆሙ፣ «ሐኪሙ የቀራት ሦስት ወር ነው አለኝ» አሉ፤ «አንዷን ቀን እንኳ እንደ ጤነኛ ትዋላት።»