መጽሐፉ ላይ የሌለ ጥያቄ

የኢንሹራንስ ወኪልነት ፈቃድ ፈተናዋ ነገ ነው። ጨጓራዬን አመመኝ ብሎ ከሥራ ከቀረ ሳምንት የሆነው ባሏ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ከመጽሐፉ ይጠይቃታል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ልብስ እያጣጠፈች ትመልሳለች። እስካሁን አንድም አልሳተችም።

«አንድ ሰው በሽታውን ደብቆ የሕይወት ኢንሹራንስ ቢገባና ቢሞትስ?»

«ውሉ ይፈርሳል። ቤተሰቡ ምንም አያገኝም።»

«በሽታውን የሚያውቀው ሐኪሙ ብቻ ቢሆንስ?»

«ካርዱን ከሆስፒታል ያስወጡታላ! ቀላል ቀላሉን አትጠይቀኝ።»



«ለልጆቹ ብሎ ቢሆንስ?»

«እንዴ! እንዲህ የሚል ጥያቄ ደግሞ የት አለ?» ብላ እየሳቀች ዞረች።

መጽሐፉ ተዘግቶ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። እጁ ላይ ያለው አምና የፈረመው የራሱ ውል ነው።