ፕላስተሩ ላይ ያለው ስም

ዮርዳኖስ የላፕቶፑን የሲዲ መሳቢያ ገፍታ ስታስገባው ነው ያየሁት። ሲዲው ላይ በለጠፍኩት ፕላስተር የጻፍኩት የባሌን ስም አይደለም፤ የራሴን ነው። «ሥርጉት» ይላል። እጄ የለመደውን ጽፏል። ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ከቤቴ የሚወጣ ትሪና ድስት ሁሉ ከሥሩ ስሜ ይለጠፍበታል። ስም የሌለው ዕቃ አይመለስም።

መሳቢያው ይዘጋል። ሲዲው ይዞራል፣ የሆነ ነገር ይፋተጋል፣ ዝም ይላል።

«ማማ፣ ምንድን ነው የለጠፍሽበት?» ትላለች ልጄ።

«ስም ነዋ። እንዳይጠፋ።»

«ሲዲ ላይ? በቁስል ፕላስተር?»

መክፈቻውን ትጫናለች። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ትላለች፤ መሳቢያው አይወጣም። አጥፍታ ታስነሣዋለች። ያው ነው።

ውስጥ ያለው የባሌ የሕሉፍ የጀርባ አጥንት ምስል ነው። ግራ እግሩ መጎተት ስለ ጀመረ የተነሣው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ነገ ጠዋት ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ይበራል፤ ሐኪሙ «ሲዲውን ሳትይዝ እንዳትመጣ» ብሎታል። ምስሉን ያነሡበት ቦታ ደግሞ ዛሬ እሑድ ስለሆነ ዝግ ነው። መንገድ ላይ ቢሰበርስ፣ ፍተሻ ላይ ቢቀርስ ብዬ ፍላሽ ላይ እንድትገለብጠው ልጄን የነዘነዝኳት እኔ ነኝ። አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ይኼኔ ሻንጣው ውስጥ ነበር።

ሕሉፍ ፍራሹ ላይ በጀርባው ተጋድሞ፣ ጣሪያውን እያየ ይስቃል። ብዙ መቀመጥ ካቃተው ሰንብቷል።

«ለእኔም ግንባሬ ላይ ለጥፊልኝ» ይላል። «አዲስ አበባ ብጠፋ ያገኘኝ ሰው ይመልስልሽ።»

«አፍህን ሰብስብ! መንገደኛ እንዲህ አይልም።»

«እዋይ! ቀለድኩ እኮ።»

ዮርዳኖስ የላፕቶፑን ጎን በመዳፏ ልትመታ እጇን ታነሣለች።

«ተይ፣ አይመታም!» ይላል አባቷ። ዓይናለም በሚባለው ቦታ፣ የውኃ ጉድጓዶች ላይ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። «ፓምፕም ሲነክስ፣ አልላቀቅ ሲል፣ አይመታም። መጀመሪያ አጥፉት፣ ከመብራትም ንቀሉት።»

እነቅለዋለሁ። ዮርዳኖስ መሳቢያው ፊት ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ታሳየኛለች፤ ቀጭን ሽቦ ይገባባታል ትላለች። መርፌ አመጣለሁ፤ ያጥራል። ከወረቀቶቿ አግራፍ ነቅላ ታቃናዋለች።

«ቀስ በይ» እላታለሁ።

«ማማ፣ እጄን ልቀቂኝ።»

መያዜን አላወቅኩም ነበር።

ሽቦው ይገባል፣ ጠቅ ይላል፣ መሳቢያው የጥፍር ያህል ብቅ ይላል። በጣቶቿ ትስበዋለች። ፕላስተሩ ተጨማዶ፣ ግማሹ ተነሥቶ፣ ጫፉ ተቦጭቋል። ከሲዲው ላይ ልጬ ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ። ሲዲውን ስገለብጠው አንድ ጭረት አያለሁ፤ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ። ጭረቱ ያረፈው ሐኪሙ የሚፈልገው ቦታ ላይ ቢሆንስ?

«መጀመሪያ ሌላ ሲዲ ሞክሩ» ይላል ሕሉፍ።

የመዝሙር ሲዲ እናስገባለን። ይንቀጫቀጫል እንጂ አያነብም።

«በቃ፣ ሞተ» እላለሁ።

«ኣጆኺ» ይለኛል፤ አይዞሽ ሲለኝ ሁልጊዜ በትግርኛ ነው። «የሚያነብበት መስታወት ይኖረዋል። እሱን እዩት።»

መሳቢያው ላይ የአተር ፍሬ የምታህል መስታወት አለች። የፕላስተር ክር ተጋድሞባታል። ዮርዳኖስ ቅንድቧን በምትነቅልበት ወረንጦ፣ ትንፋሿን ይዛ ታነሣዋለች።

መዝሙሩ ይጀምራል። አማትባለሁ።

የሕሉፍን ሲዲ በነጠላዬ ጫፍ እጠርገዋለሁ። ይገባል። ይዞራል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይዞራል። ከዚያ አጥንቱ ብቅ ይላል፤ ግራጫ፣ እንደ ሳህን አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደረ። ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱ መካከል፣ አንድ ጥቁር ነገር ገፍቶ ወጥቷል።

«ይቺ ምንድን ናት?» እላለሁ በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አውቄ?» ትላለች ዮርዳኖስ፤ እሷም በሹክሹክታ።

ሕሉፍ ለማየት አንገቱን ቀና ያደርጋል። አይሆንለትም፤ ተመልሶ ይተኛል። «እህ? ምን ይመስላል?»

«አጥንት ነው» እለዋለሁ። «የሰው ሁሉ አጥንት የሚመስል።»

«ጽቡቕ፣ መልካም» ይላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ግልባጩ ያልቃል። ሲዲውን ሻንጣው ውስጥ፣ ፍላሹን አብሮት ለሚሄደው ለወንድሙ ለሃይላይ በፖስታ አደርጋለሁ። ዮርዳኖስ ላፕቶፑን ይዛ ወደ ክፍሏ ትገባለች።

ፕላስተሩ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ልጥለው አነሣና እዘረጋዋለሁ፤ ስሜ አልጠፋም። ለነገ ያዘጋጀሁት የሕሉፍ ኮት በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። የአንገትጌውን ውስጥ ገልብጬ እለጥፈዋለሁ። ሙጫው ደክሟል። እስኪይዝ በአውራ ጣቴ ተጭኜ እቆያለሁ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» ይላል ሕሉፍ ከፍራሹ።

«በር ልዘጋ ነው» እለዋለሁ፤ ቁልፉንም አዞራለሁ።