ከግድግዳው ማዶ

ጉልላት ዘፈኑን እስከ ጥግ ለቆ፣ በሩን ከፍቶ ይጨፍራል። ጎረቤቱ እትዬ ብዙነሽ ደረጃውን ሲወጡ አያቸው።

«እትዬ፣ እስቲ ባለቤትዎን ጋሼ ሽብሩን ይጥሩልኝ፣ እስክስታ ላስተምራቸው!»

ሴትዮዋ ቆሙ። ጥቁር ለብሰዋል።

«ሽብሩን ትናንት ቀበርነው።»

ጉልላት ክው አለ። ዘፈኑን አጠፋ።

ድሮ ሰው ሲሞት የእድር ጥሩምባ ሰፈሩን ይቀሰቅስ ነበር። አሁን እድሩን ሁሉ አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ ጠቅልሎ ገዝቶታል፤ ለቅሶው በኩባንያው አዳራሽ ነው፣ መርዶውም በስልክ የሚደርሰው ለደንበኛው ብቻ። ጉልላት ደግሞ «ለነሱማ አልገብርም!» ብሎ ሳይመዘገብ የቀረ ጉረኛ ነው።

«እትዬ፣ በአንድ ግድግዳ እኮ ነው የምንለያየው! ምናለ ቢያንኳኩልኝ?»

«ስልኩ ‹ለሁሉም ደርሷል› አለኝ፤» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ስትቀር ጊዜ አዝኜብህ ነበር፣ ልጄ። ማንኳኳቱማ ትዝም አላለኝ።»