የዓይን ቆብ

ንጋቷ የማደንዘዣውን መርፌ ስታይ ከአልጋው ላይ ተነሥታ ቁጭ አለች።

«እኔ አልቆረጥም። ይቅርብኝ።»

ልጇ ሰርካለም ትከሻዋን ያዘቻት። የዓይን ሐኪሞቹ ደብረ ብርሃን ወዳለው የተፈናቃዮች መጠለያ የመጡት ለሦስት ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ውጭ ያሉት ረዳቶቻቸው ዕቃውን መኪና ላይ መጫን ጀምረዋል።

«ሽፋሽፍትሽን በወረንጦ እየነቀልሽ እስከ መቼ ነው እማዬ?»

«እስክሞት። እናቴስ እንዲሁ አልነበረች?»

«እናትሽ ዓይኗ ጠፍቶ ነው የሞተችው። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

ንጋቷ የሚያነቡ ዓይኖቿን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኗን መፈተግ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ የያዛት ገና በልጅነቷ፣ ውሃ ከገደል ሥር ተቀድቶ በጀርባ በሚወጣበት በአንኮበር ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ቤተሰቧ ወለጋ ሰፈረ፤ ሰርካለምንም እዚያ ወለደች። ከአምስት ዓመት በፊት ደግሞ ከግጭት ሸሽተው፣ የለበሱትን ብቻ ይዘው ተመለሱ።

ሽፋሽፍቱን ወደ ውጭ የሚመልሰውን የቆብ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ነርስ ዘርአ ዳዊት አልተቆጣም። መርፌውን አስቀመጠ።

«እስኪያስቡበት ልጅዎን ልያት» አለና ጓንቱን ቀይሮ የሰርካለምን የዓይን ቆብ ገለበጠው። «ንጹሕ ነው። የት ነው ያደግሽው?»

«ወለጋ። ወንዙ ከደጃችን ነበር። ጠዋት ማታ ከውስጡ አንወጣም ነበር።»

ቀጥሎ እዚሁ መጠለያ የተወለደችውን የሰርካለምን ልጅ፣ የአራት ዓመቷን ሰናይትን አቀፈ። በእሷ ላይ ቆየ። መብራቱን አስጠግቶ ሁለቱንም ዓይኖቿን ደጋግሞ አየ። ሰርካለም ቀረብ አለች።

«ምነው?»

«ይኸው በሽታ ጀምሯታል። በጊዜ ስለተገኘ በመድኃኒት ይድናል። ግን ፊቷ በየቀኑ መታጠብ አለበት። ሌላ ሰው ዓይኑን በጠረገበት ጨርቅም አትጥረጓት።»

ሰርካለም ጄሪካኗን አሰበች። ለቀኑ አንድ ናት። መጀመሪያ ለወጥ፣ ቀጥሎ ለመጠጥ፤ ለፊት መታጠቢያ የሚተርፍበት ቀን ጥቂት ነው። የሕፃኗን ፊት በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርገው ደግሞ ንጋቷ ናት። ሰርካለም ወደ እናቷ ላለማየት አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ ያስያዝኳት» አለች ንጋቷ።

«ከማን እንደያዛት ማንም አያውቅም፣ እናቴ። ዝንብም ያመጣዋል። እዚህ ብዙ ሕፃናት ላይ አይተናል» አላት ዘርአ ዳዊት።

አንዲት ነርስ ሰናይትን መድኃኒት ልታጠጣት ይዛት ወጣች። ንጋቷ መጋረጃው እስኪረጋ በሚያለቅሱ ዓይኖቿ ተከተለቻት። ከዚያ ማንም ሳያዛት ተመልሳ በጀርባዋ ተኛች።

«ሰርካለም ውሃ ወረፋ ስትውል ልጅቷን የማያት እኔ ነኝ» አለችው። «ማየት አለብኝ። በል ሥራ።»

«ከተንቀሳቀሱ ምላጩ ዓይንዎን ይነካዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

መርፌው ሲገባ ትንፋሿን ዋጠች። ሰርካለም እጇን ያዘቻት፤ በእርሻ ሥራ የሻከረ፣ ቀዝቃዛ እጅ ነው። ዘርአ ዳዊት ምላጩን አሳረፈ።

በዚህ ጊዜ ከውጭ ሰናይት ጮኸች። «እማማ! እማማ!» እያለች አያቷን ጠራች።

ዘርአ ዳዊት እጁ ባለበት ቀጥ አለ። የንጋቷ ጥፍሮች የሰርካለምን መዳፍ ወጉት፤ እግሮቿ ከአንሶላው ሥር ተንቀጠቀጡ። ጭንቅላቷ ግን ንቅንቅ አላለም።