ስምንተኛዋ ዘማሪ

እጄ ገብቶ ፒዲኤፍ አልሆንም ያለ ፋይል በሶዶ የለም። ዛሬ ግን የቤተክርስቲያኑ ኳየር የፕሮግራም ወረቀት አስቸገረኝ። ማይክሮሶፍት ወርድ ፋይሉ ላይ ያለው ፎቶ ውስጥ ሰባት ሴቶች ሰማያዊ ጋዋን ለብሰው ቆመዋል። የቤተክርስቲያኑ ድረ ገጽ ላይ ስጭነው ሲስተሙ ፒዲኤፍ ያደርገውና ስምንት ይሆናሉ። ስምንተኛዋ የለበሰችው አሮጌ አረንጓዴ ጋዋን ነው።

የምሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ባለቤት ኢሊያስ «ካቃተሽ ወደ መታወቂያ ላሚኔሽን ትመለሻለሽ» ብሎኛል። እኔ ደግሞ አልመለስም። ፎንቱን ቀየርኩ። ፎቶውን አጥፍቼ እንደገና አስገባሁ። ሴትዮዋ ከዳር ወደ መሃል መጣች። እንደገና ስሞክር ማይክ ይዛ ብቅ አለች።

«ማን ጠራሽ? ቆይ፣ አስወጣሻለሁ» አልኳት።

የኳየሩ መሪ እትዬ ሰገነት ከኋላዬ ሆነው ስክሪኑን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አትድከሚ ልጄ። በሕይወት እያለችም ከኳየሩ ማስወጣት አቅቶን ነበር።»