አራተኛው ሐሙስ

ልጅቷ ወደ ዩኒቨርሲቲው የምክር ክፍል ስትመጣ ይህ አራተኛው ሐሙስ ነው። በሦስቱ ሐሙሶች "ደህና ነኝ" ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። አማካሪዋ ሲስተር ትርንጎም አላስገደዷትም።

ከጦርነቱ ወዲህ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትተኛው። ካፌ ውስጥ ሳህን ወድቆ ሲሰበር ጮኻ ከመቀመጫዋ የተነሳች ዕለት ጓደኞቿ ሳቁባት፤ ከዚያ ወዲህ ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። ሲስተርም ቢሆኑ ብነግራቸው ያዝኑልኝ ይሆናል እንጂ አይገባቸውም ትላለች በልቧ።

ዛሬም ዝም ብላ እንደተቀመጠች ደጅ የመኪና ጎማ ፈነዳ። እንዴት እንደገባች ሳታውቅ ራሷን ጠረጴዛው ሥር አገኘችው። ዓይኗን ጨፍና፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ቆየች። ከዚያ እፍረቱ መጣ። አሁን "ተነሽ የኔ ልጅ፣ ምንም የለም" ሊሉኝ ነው ብላ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ገለጠች።

ሲስተር ትርንጎ አጠገቧ ነበሩ። ጉልበታቸውን አቅፈው፣ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ተኮራምተው ይንቀጠቀጣሉ።

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቀቻቸው።

"እርስዎ የት ሆነው ነው የደረሰብዎት?" አለቻቸው።

ሲስተር የከተማቸውን ስም ነገሯት። ልጅቷም ከጠረጴዛው ሥር ሳትወጣ የራሷን ነገረቻቸው።